ኮዱን ማን ጻፈው? የፕሮግራሚንግ ኮርስ ውጤት አሰጣጥና የኩረጃ ደንብ

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የፕሮግራሚንግ መግቢያ ኮርስ የሚጀምር ተማሪ የምዘናውን ቀዳዳ ለማየት ሴሚስተሩ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልገውም። መምህሩ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያድለውን የኮርስ አውትላይን የመጨረሻ ገጽ ማንበብ ይበቃዋል። በብዙ ቦታ እንደተለመደው ከመቶው 50 ነጥብ ለተከታታይ ምዘና፣ ቀሪው 50 ለማጠቃለያ ፈተና ይመደባል። ከተከታታይ ምዘናው 20 ለአሳይመንት፣ 20 ለቡድን ፕሮጀክት፣ 10 ለአጭር ፈተና ተከፋፈለ እንበል። አንድ ተማሪ አሳይመንቱን ከጓደኛው ፍላሽ ገልብጦ፣ በፕሮጀክቱ ሽፋን ላይ ደግሞ ስሙን ብቻ አስጽፎ ከ40ው 38 አገኘ። በአጭር ፈተናው ዜሮ አመጣ። ማጠቃለያው አራት አማራጭ ያላቸው ጥያቄዎች ብቻ ከሆነ፣ ጥያቄውን እንኳ ሳያነብ በግምት ቢያጠቁር በአማካይ ከ50ው 12.5 ያገኛል። ድምሩ 50.5 ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠራበት የውጤት ስኬል ከ50 እስከ 60 ያለውን «ሲ» ይለዋል፤ «ሲ» 2.00 ነው፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ ምረቃ የሚጠየቀው ዝቅተኛ አማካይ ነጥብም ይኸው 2.00 ነው።

ይህ ስሌት የማንንም ገመና ለማውጣት የቀረበ አይደለም። ክፍፍሉ ከኮርስ ኮርስ፣ ከመምህር መምህር ይለያያል፤ ጭብጡ ግን ያው ነው። ከመምህሩ ዓይን ውጭ ለሚሠራ ሥራ ይህን ያህል ክብደት የሰጠ ኮርስ፣ አንድም መስመር ኮድ በራሱ ያልጻፈን ሰው «አለፈ» ብሎ ሊመሰክርለት ይችላል። ስለ ኩረጃ በሚደረግ ውይይት ቀድሞ የሚነሣው የተማሪው ሥነ ምግባር ነው፤ ስለ ትውልዱ ይታዘናል፣ ቅጣቱ እንዲጠብቅ ይመከራል። የመመዘኛው ነገር የሚነሣው በመጨረሻ፣ ያውም ጊዜ ከተረፈ ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ ይኖርበታል። በፕሮግራሚንግ ትምህርት ኩረጃ በመጀመሪያ የመለኪያ ጉድለት ነው፤ መለኪያው ሳይስተካከል የሚወጣ የዲሲፕሊን ደንብ ጥቂት ያልታደሉትን ይዞ ብዙኃኑን ያሳልፋል።

አገሪቱ ይህን በፈተና ጉዳይ አይታዋለች። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሾልኮ በማኅበራዊ መገናኛ ሲሰራጭ ፈተናው ተሰርዞ ሌላ ቀን ተቆረጠለት። ያሰራጩት ወገኖች ያቀረቡት ምክንያት በኦሮሚያ ትምህርት ቤቶች ለወራት ተስተጓጉለው መቆየታቸው ስለነበር፣ ጉዳዩ የስርቆት ብቻ ሳይሆን የፍትሕ ጥያቄም ነበረበት። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም.፣ ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንዲሰጥ ተደረገ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 ከመቶ ሆኑ። ይህ ቁጥር በዋናነት የሚናገረው ስለ ትምህርቱ ጥራት ነው፤ ሁሉንም በኩረጃ ማሳበብ ስሕተት ይሆናል። ሆኖም በአንድ ዓመት ውስጥ የተማሪው ጠባይ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የመፈተኛው ቦታና አኳኋን ነው፤ ያ ብቻውን ተሸፍኖ የኖረውን አሳየ።

ዩኒቨርሲቲዎችም የራሳቸው ተራ ብዙ አልዘገየም። ቀደም ሲል የሕግ ተማሪዎች ሲወስዱት የቆየው የመውጫ ፈተና በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ ሆነ። ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች ያለፉት 61,054፣ ማለትም 40.65 ከመቶ ነበሩ፤ የመንግሥት ተቋማት ብቻ ሲታዩ 62.37 ከመቶ፣ የግሎቹ 17.2 ከመቶ። እነዚህ ተማሪዎች ኮርሶቻቸውን እያለፉ እስከ መጨረሻው የደረሱ ናቸው። ሦስትና አራት ዓመት ሙሉ «ይበቃሃል» ሲባል የቆየ ወጣት በመጨረሻው ሳምንት «አልበቃህም» ሲባል ጥፋቱን ለእርሱ ብቻ መስጠት ያስቸግራል። ያለ ጊዜው ያሳለፈው ኮርስ አብሮ መጠየቅ አለበት። የመውጫ ፈተናው ራሱም የምርጫ ጥያቄ ስለሆነ፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂ ፕሮግራም መጻፍ መቻሉን በቀጥታ አያይም፤ ያን ማየት የሚችለው የኮርሱ መምህር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ስለ መረዳዳት መናገር ያስፈልጋል፤ ደንቦች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከሉት በዚህ ነው። በአርሲ ደጋ አንድ ገበሬ ስንዴው ደርሶ ዝናብ ካሰጋው ጎረቤቶቹን ለደቦ ይጠራል። ማጭድ ይዞ የማይመጣ ይታዘንበታል፤ ምግቡና መጠጡ ከባለ ማሳው ነው። ከዚህ ቤት የወጣ ተማሪ በዶርሙ ውስጥ ጓደኛው አሳይመንት አቅቶት ሲጨነቅ ፋይሉን አልሰጥም ማለት ስስት ሆኖ ቢታየው ሊያስገርም አይገባም። «ኮራጅም አስኮራጅም እኩል ይቀጣሉ» የሚለው አንቀጽ በጆሮው ሲገባ የሚሰማው «ጓደኛህን ክዳ» የሚል ትእዛዝ ነው። ደንቡን የጻፈው ሰው ግን ደቦው ራሱ ያለውን ጥብቅ ሥርዓት ልብ አላለውም። በደቦ ማሳው የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ሊያጭድ የመጣ ሰው አዝመራውን የራሴ ነው ብሎ ጎተራው አይከትም። ተማሪው ጓደኛውን አጠገቡ አስቀምጦ ሉፑ ለምን እንደማይቆም ቢያሳየው ደቦ ነው። ፋይሉን በቴሌግራም ሲልክለትና ያኛው ስሙን ለውጦ ሲያስረክበው ግን የጎተራው ነገር መጣ። ደንቡ ይህን ልዩነት በተማሪው ቋንቋ ማስረዳት ይኖርበታል፤ ምን ይፈቀዳል የሚለው ክፍልም ምን ይከለከላል ከሚለው ባልተናነሰ ስፋት መጻፍ አለበት። ስለ ችግሩ አብሮ መነጋገር፣ በነጭ ሰሌዳ ላይ አብሮ መሣል፣ የጓደኛን የስሕተት መልእክት ማንበብና ማብራራት ይፈቀዳል። የሌላን ሰው ፋይል ከፍቶ እያዩ መጻፍ አይፈቀድም። አብሮ የተሠራ ነገር ካለ ደግሞ ከኮዱ አናት በአስተያየት መስመር የረዳውን ሰው ስም መጻፍ ግዴታ ቢሆን፣ መረዳዳቱ ከስውር ወደ ግልጽ ይወጣል።

የቡድን ሥራው ግን ሌላ ታሪክ አለው። ባለፈው ሥርዓት በየትምህርት ተቋማቱ የተዘረጋው «አንድ ለአምስት» የሚባለው አደረጃጀት ጎበዙን ከደካማው አቀናጅቶ እርስ በርስ ለማስተማር ታስቦ ነበር። በብዙ ክፍሎች የሆነው ግን ሌላ ነው፤ አንዱ ይሠራል፣ የቀሩት ለወረቀትና ለኅትመት ያዋጣሉ፣ ውጤቱ ለሁሉም እኩል ይሞላል። አደረጃጀቱ ስሙ ቢጠፋም ልማዱ በቡድን ፕሮጀክት ውስጥ ቀርቷል። የሚጎዳውም ሰነፉ ብቻ አይደለም፤ ሠሪው የአምስት ሰው ሥራ ተሸክሞ ሌሎች ኮርሶቹን ይበድላል። በተለይ የምትጎዳው ለመሥራት እየፈለገች ላፕቶፕ ስለሌላት ብቻ «አንቺ ሪፖርቱን ጻፊ» የተባለችው ተማሪ ናት። ኮድ ሳትነካ ኮርሱን ትጨርሳለች፤ በሚቀጥለው ዓመት የዳታ ስትራክቸር ኮርስ ሲመጣ ደግሞ ሰነፍ ተብላ ትቆጠራለች። ስለዚህ የቡድን ፕሮጀክት ይቅር ማለት ሳይሆን፣ ለቡድኑ የሚሰጥ አንድ ወጥ ነጥብ ይቅር ማለት ተገቢ ነው።

መምህራን ኩረጃን ለመያዝ ከሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎች የሚቀድመው ሞስ የተባለው ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ አሌክስ ኤይከን የሠሩት ሲሆን፣ አሠራሩን የሚያብራራው ጽሑፍ በ2003 ወጥቷል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ፕሮግራሙ በመጀመሪያ ባዶ ቦታውንና የተለዋዋጮቹን ስም ከግምት ያወጣል፤ ስለዚህ «ድምር» የሚለውን «ውጤት» ብሎ የቀየረ ተማሪ አያመልጠውም። ቀጥሎ ኮዱን እርስ በርስ በሚደራረቡ አጫጭር ቁርጥራጮች ይከፋፍላል፤ ለእያንዳንዱም ቁጥር ይሰጣል፤ ከቁጥሮቹ በተወሰነ ሥርዓት ጥቂቶቹን መርጦ እንደ ጣት አሻራ ያስቀምጣል። ሁለት ፋይሎች የሚጋሩት አሻራ በበዛ መጠን ጥርጣሬው ይጠነክራል። ከጀርመኑ የካርልስሩኸ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ጄፕላግ በተመሳሳይ ዓላማ ይሠራል፤ በመምህሩ ኮምፒውተር ላይ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሄድም መስመር በሚቆራረጥበት ግቢ ይበልጥ ያገለግላል።

መሣሪያው ግን ሥራ አይወድም በሚባለው በመግቢያ ኮርስ ላይ ነው። «አሥር ቁጥሮች ተቀብለህ አማካዩን አውጣ» የሚል ጥያቄ በሲ ፕላስ ፕላስ የሚጻፈው በአሥራ አምስት መስመር ገደማ ነው፤ ሥልሳ ተማሪዎች ሳይተያዩ ቢጽፉት እንኳ አብዛኛው አንድ ዓይነት ይወጣል፤ ሁሉም የተማሩት ከአንድ ሰሌዳ ነውና። መምህሩ በክፍል ያሳየው ናሙና ከንጽጽሩ ካልወጣ ደግሞ የሚከሰሰው በትጋት ማስታወሻ የያዘው ተማሪ ይሆናል። የመመሳሰል መቶኛ ጥቆማ ነው፤ ፍርድ አይደለም። አንድ ተማሪ በማሽን ቁጥር ብቻ «ኤፍ» ሊሞላበት አይገባም፤ ቁጥሩ ሊያደርግ የሚችለው መምህሩ ማንን ጠርቶ እንደሚያነጋግር መጠቆም ነው።

ይህም ቢሆን የትናንት ወግ ሊሆን ተቃርቧል። የኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ባወጡት ጥናት፣ ኮዴክስ የተባለው ኮድ ጻፊ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የመግቢያ ኮርሳቸውን ፈተና ወስዶ ከ71 ተማሪዎች ጋር ሲነጻጸር 17ኛ ወጣ። በዚያው ዓመት ኅዳር ማብቂያ ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ አንድ ተማሪ ከማንም ፋይል ጋር የማይመሳሰል፣ የሚሠራ፣ አስተያየት የተጻፈበት ኮድ በደቂቃ ማግኘት ይችላል፤ ሞስም ጄፕላግም የሚያወዳድሩት ሌላ ቅጂ አያገኙም። «ይህን የጻፈው ማሽን ነው» የሚሉ መርማሪ ሶፍትዌሮች መድኃኒት መስለው መጥተው ነበር። የቻትጂፒቲ ባለቤት የሆነው ኦፕንኤአይ ራሱ ያወጣውን መርማሪ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ብሎ በሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. ዘግቶታል። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች የጻፏቸውን 91 የቶፍል ድርሰቶች ለሰባት መርማሪዎች ቢሰጡ፣ በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የማሽን ሥራ ናቸው ተባሉ። ጥናቱ የተደረገው በድርሰት እንጂ በኮድ ላይ አይደለም። ነገር ግን ቤቱ ኦሮምኛ ወይም አማርኛ ተናግሮ፣ በክፍል በእንግሊዝኛ ተምሮ፣ የፕሮጀክት ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ የአሰላ ተማሪ ማስጠንቀቂያው በቂ ነው። እንዲህ ያለው መርማሪ በውጤት አሰጣጥ ደንብ ውስጥ ቦታ ሊኖረው አይገባም።

ታዲያ ምን ይቀራል? ተማሪው ራሱ ይቀራል፤ ከነኮዱ።

በሲ ፕላስ ፕላስ ሁለት ሙሉ ቁጥሮች ሲካፈሉ ቀሪው ይጣላል። የአሥራ ሁለት ወር የዝናብ መጠን ተደምሮ 1000 ሚሊ ሜትር ቢመጣና ለ12 ቢካፈል ማሽኑ 83 ይላል፤ 83.33 አይልም። ይህን ኮድ በእጁ የጻፈ ተማሪ ነጥቡ የት እንደገባ ግራ ተጋብቶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አጥፍቷል፤ ያን ግማሽ ሰዓት አይረሳውም። ኮዱን ከሌላ ያመጣው ግን «ለምን እዚህ ጋ ደብል አልክ?» ተብሎ ሲጠየቅ ወይ ዝም ይላል ወይ ደንቡን በቃሉ ይወጣል። «ኢንት ብለህ ለውጠውና ምን እንደሚያወጣ ሳታስኬደው ንገረኝ» ሲባል ይለያል። ለዚህ ምርመራ ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ አምስት ደቂቃና ሁለት ወንበር ይበቃል። ቻትጂፒቲን ተጠቅሞም ቢሆን እስኪገባው ድረስ የጠየቀ፣ የቀየረ፣ ያበላሸና የጠገነ ተማሪ ይህን ጥያቄ ያልፈዋል፤ ማለፍም አለበት፤ የኮርሱ ዓላማ ማወቁ ነውና።

የሚነሣው ተቃውሞ የጊዜ ነው። ሥልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ለእያንዳንዱ ሰባት ደቂቃ ቢሰጥ 420 ደቂቃ፣ ሰባት ሰዓት ይሆናል። ሦስት ሴክሽን የያዘ መምህር 21 ሰዓት ያስፈልገዋል። በሴሚስተር ሦስት ጊዜ ይህን ማድረግ አይቻልም፤ አንድ ጊዜ ግን ይቻላል። የሦስት ዙር ሥራ ካለ በየዙሩ ሃያ ሃያ ተማሪ በዕጣ ቢጠራ፣ አንድ ጊዜ የተጠራ ግን ከዕጣው ባይወጣ፣ አንድ ተማሪ ሦስቱንም ጊዜ የማምለጥ ዕድሉ ከ27 ስምንት፣ ወደ 30 ከመቶ ይጠጋል፤ ይህ በዝቷል። ሁሉም ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ እንደሚደርሰው አስቀድሞ ተነግሮ፣ በየትኛው ዙር እንደሆነ ግን ቢሰወር፣ በሰባቱ ሰዓት ተመሳሳይ ጥንቃቄ በሦስቱም ሥራዎች ላይ ይገኛል። ንግግሩም በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲሆን ማስገደድ ሌላ በደል ነው። የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ቢሆንም የሚለካው ፕሮግራሚንግ ነው፤ መምህሩ የሚሰማው ከሆነ ተማሪው በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ሉፑን ቢያስረዳ የሚጎድል ነገር የለም።

ከዚህ ተነሥቶ ክፍፍሉን እንደገና መጻፍ ይቻላል። በቤት የሚሠራው አሳይመንት ልምምድ ስለሆነ ከ10 ነጥብ መብለጥ የለበትም። 20 ለፕሮጀክት ይሁን፤ ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ተማሪው ለየብቻ በሚሰጠው ማብራሪያ ይሞላ። 30 መምህሩ ባለበት በላብራቶሪ ለሚሰጡ ሁለት የተግባር ፈተናዎች ይሰጥ። የቀረው 40 የማጠቃለያ ፈተና ነው። በወረቀት በሚሰጠው ፈተና ተማሪን ሴሚኮሎን ረሳህ ብሎ መቅጣት ትርጉም የለውም፤ ማሽኑ ራሱ በሰከንድ የሚነግረውን ስሕተት መምህር በቀይ ብዕር ማደን የለበትም። ወረቀት የሚሻለው ኮድ ለማንበብ፣ ሉፕን እርምጃ በእርምጃ ለመከተልና ስሕተት ለማግኘት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ አንቀጽ ያስፈልጋል፤ ከተግባር ፈተናዎቹ ግማሹን ያላገኘ ተማሪ ድምሩ ምንም ቢሆን ኮርሱን አያልፍም የሚል። መነሻ ላይ የተሠራውን የ50.5 ስሌት የሚዘጋው ይህ አንቀጽ ነው። ሲጀመር የወዳቂው ቁጥር ስለሚጨምር ለዲፓርትመንቱ አይመችም፤ ስለዚህ የተግባር ፈተናውን ለወደቀ ተማሪ በዚያው ሴሚስተር አንድ የድጋሚ ዕድል መስጠት ፍትሕም ብልሃትም ነው።

የፕሮጀክቱ ርዕስም ሊታሰብበት ይገባል። የላይብረሪ ማስተዳደሪያ፣ የተማሪዎች ምዝገባ፣ የሆስፒታል ወረፋ፤ እነዚህ ርዕሶች ከዓመት ዓመት ስለሚመላለሱ ተሠርተው በየፎቶ ኮፒ ቤቱና በየቴሌግራም ቻናሉ ተቀምጠዋል። ከአሰላ ብዙም ሳይርቅ ስለ ስንዴ ለአሥርት ዓመታት ሲመራመር የኖረ የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ በከተማው ውስጥም የእርሻ መሣሪያዎችን የሚሠራና የሚፈትሽ የምርምር ማዕከል ይገኛል። ለአንዱ ተማሪ የጢዮ፣ ለሌላው የሄጦሳ፣ ለሦስተኛው የሙኔሳ ወይም የሌሙና ቢልቢሎ ገበያ ደርሶት፣ ተማሪው ራሱ ሄዶም ሆነ ቤተሰቡን በስልክ ጠይቆ ያመጣውን የስንዴና የገብስ ዋጋ የሚያሰላ ፕሮግራም ቢጽፍ፣ ኮዱ ከሌላው ቢመሳሰል እንኳ መረጃው አይመሳሰልም። ሲጠየቅም የሚናገረው ስለሚያውቀው ነገር ነው። «በሦስተኛው ሳምንት ዋጋው ለምን ወረደ? ፕሮግራምህ ያን ሳምንት እንዴት ተቀበለው?» የሚል ጥያቄ ከኢንተርኔት ለተወሰደ ሥራ መልስ የለውም።

ቅጣቱን በተመለከተ አሁን በብዙ ቦታ ያለው ሁኔታ ሁለት ጫፍ ብቻ አለው። ወይ መምህሩ አይቶ እንዳላየ ያልፋል፤ ወይ ጉዳዩ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ሄዶ ተማሪው ሴሚስተር ወይም ዓመት ያጣል። ሁለተኛው ጫፍ እጅግ ስለሚከብድ መምህሩ መጀመሪያውን ይመርጣል፤ የድሃ ገበሬ ልጅን ከመንገድ ላለማስቀረት ሲል። ርኅራኄው የሚነቀፍ አይደለም፤ ውጤቱ ግን ደንቡ በወረቀት ላይ አንበሳ ሆኖ በክፍል ውስጥ እንዳይኖር ማድረጉ ነው። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሲ-ኤስ ፊፍቲ በሚባለው የመግቢያ ኮርስ እ.ኤ.አ. በ2014 የገባ አንድ አንቀጽ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ተማሪው ያልተገባ ሥራ ካስረከበ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ራሱ መጥቶ ቢናገር፣ ኮርሱ የዚያን ሥራ ነጥብ ዜሮ ከማድረግ ያለፈ እርምጃ አይወስድም፤ ለዲሲፕሊን አካልም አያስተላልፍም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ በፍርሃት የተደረገን ነገር ነግቶ ለማረም በር ይከፍታል። በአገራችን ሽምግልና ባህል ውስጥ አስቀድሞ «አጥፍቻለሁ» ብሎ የመጣ ሰው ተይዞ ከመጣው ጋር እኩል አይታይምና አንቀጹ እንግዳ አይሆንም። ከዚያ ቀጥሎ ያሉት ደረጃዎችም ይጻፉ፤ በመጀመሪያው ጊዜ የሥራው ዜሮ፣ በሁለተኛው የኮርሱ «ኤፍ»፣ ወደ ኮሚቴ የሚሄደው ለሌላ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ያሠራ ወይም በፈተና ሰው የተካ። መምህሩ ሊፈጽመው የሚደፍረው ቀላል ቅጣት ማንም ከማይፈጽመው ከባድ ቅጣት ይበልጣል።

ደንቡ ተማሪውን ብቻ ካሰረ ግን ጎዶሎ ነው። ያንኑ ፈተና ለአራት ዓመት የሚያመላልስ መምህር ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለውን ፎቶ ኮፒ ቤት ነጋዴ አድርጎታል፤ «የድሮ ፈተና» ገዝቶ ያጠና ተማሪ ኮራጅ ነው ወይስ ትጉህ? ያረመውን ወረቀት ሳይመልስ ውጤት ብቻ የሚለጥፍ መምህርም ተማሪው ከስሕተቱ የሚማርበትን መንገድ ዘግቶ፣ የሚቀጥለውን ሥራ ከሌላ ለማምጣት ያስገድደዋል። ሌላም አለ። መምህሩ በተማሪዎቹ ይገመገማል፤ ግምገማውም ለሥራ አፈጻጸሙ ይቆጠራል። ጥብቅ ሆኖ ብዙ «ኤፍ» የሰጠ ለምን እንደሰጠ ይጠየቃል፤ ለሁሉም «ኤ» የሰጠን ግን ብዙም የሚጠይቀው የለም። ዲፓርትመንቶች ሁለቱንም እኩል ማብራሪያ ቢጠይቁ፣ የተግባር ፈተናው ውጤትም ከጠቅላላው ውጤት ጎን ለጎን ተቀምጦ ቢታይ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ብዙ ነገር ይናገራል።

ይህን ሁሉ ለማድረግ የሚያጣድፈው ምክንያት ከግቢው ውጭም አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር የተጀመረው «አምስት ሚሊዮን ኮደርስ» በኢንተርኔት ትምህርት የሚሰጥ፣ ለሚጨርስም ሰርተፍኬት የሚያድል መርሐ ግብር ነው። ወጣቱ ስልክና ፈቃድ ካለው ስለ ፕሮግራሚንግ መማሩን የሚገልጽ ወረቀት ከየትም ሊያገኝ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከዚህ የሚለየው ተማሪው ሲሠራ አይቶ የሚመሰክር ሰው ስላለው ነው። መምህሩ ሳያይ ከመሰከረ የአራት ዓመት ዲግሪው ከሰርተፍኬቱ በምን እንደሚሻል ለቀጣሪ ማስረዳት ይቸግራል።

ከተግባር ፈተናው በፊት መሟላት ያለበት አንድ ነገር አለ። ላፕቶፕ የሌለው ተማሪ የቤት ሥራውን በጓደኛው ማሽን፣ ጓደኛው ሲተኛ፣ መብራት ካለ ነው የሚሠራው። እንዲህ ያለውን ተማሪ ድንገት በላብራቶሪ አስቀምጦ በአንድ ሰዓት ኮድ ጻፍ ማለት ኩረጃን ሳይሆን ድህነትን መለካት ነው። የላብራቶሪው ቁልፍ በአብዛኛው በሥራ ሰዓት ብቻ የሚከፍት ባለሙያ ኪስ ውስጥ ይውላል፤ ተማሪው ክፍል ሲኖረው ክፍት ሆኖ ነጻ ሲሆን ይዘጋል። የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች በተራ እየጠበቁ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት፣ ቅዳሜም ሙሉ ቀን እንዲከፈት ቢደረግ፣ የሚጠይቀው አዲስ ሕንፃ ወይም አዲስ በጀት አይደለም፤ የዲኑ ደብዳቤና ለጠባቂዎቹ የሚከፈል መጠነኛ የኪስ ገንዘብ ነው። ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ቅድሚያ የሚሰጥ የስም ዝርዝር በሩ ላይ ይለጠፍ፤ የተግባር ፈተናው 30 ነጥብም መቆጠር የሚጀምረው ላብራቶሪው በዚህ ሁኔታ ክፍት ከሆነበት ሴሚስተር ጀምሮ ይሁን።